አደንጓሬና አበባው፦ ከአዊ አጥር እስከ ቨርጂኒያ ጓሮ

አደንጓሬን እንጅባራና ዳንግላ አካባቢ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። አጥር ላይ ይወጣል፣ የበቆሎ አገዳ ላይ ይጠመጠማል፣ በክረምት መገባደጃ ቀይና ነጭ ያብባል፣ መኸር ሲደርስ ንፍሮ ይሆናል። ሁሉም ሰው የሚያውቀው ነገር ደግሞ ታሪክ ጸሐፊ አያገኝም። ውድ የማኅበራችን አባላትና የሀገር ቤት ደጋፊዎች፣ የዘንድሮዋን መጽሔት አጋጣሚ አድርጌ ይህን ተክል ያነሣሁት ስለ አንድ የሚገርም ነገር ነው። እንግሊዞችና አሜሪካውያን አደንጓሬን መጀመሪያ የተከሉት ለአበባው ነበር፤ ፍሬው ትዝ ያላቸው ቆይቶ ነው። እኛ ዘንድ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ከፍሬው በቀር አበባውን ዞር ብሎ ያየው ንብ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ስለ የትኛው ተክል እንደምናወራ እንስማማ። በአንዳንድ የሀገራችን ክፍል ቦሎቄንም አደንጓሬ ይሉታል። እኔ የምለው ፍሬው ትልልቅ የሆነውን፣ ረጅም ሐረግ የሚያወጣውን፣ አበባው በአንድ ዘንግ ላይ ተደርድሮ የሚወጣውን ነው። ቀይ አበባ ያለው ወይን ጠጅ ላይ ጥቁር ጣል ጣል ያለበት ፍሬ ይሰጣል፤ ነጭ አበባ ያለው ነጭ ፍሬ። ሌላም መለያ አለው። ቦሎቄ ሲበቅል ሁለቱን ክክ ተሸክሞ ከአፈር ብቅ ይላል፤ የአደንጓሬ ክክ ግን አፈር ውስጥ ይቀራል። ሥሩም ያብጣል። ውርጭ በማይገድለው ቦታ ደግሞ በሚቀጥለው ዝናብ ሳይዘሩት ከሥሩ ያቆጠቁጣል። እናቴ “ያምና ነው፣ አትንቀሉት” የምትለው ይህን ነበር።

የአደንጓሬ ሀገሩ ሜክሲኮና ጓቴማላ ነው። ሙቀት በማይበረታበት ደጋ ዛሬም በዱር ይገኛል። የአካባቢው ሕዝብ ኮሎምበስ ከመድረሱ ብዙ ዘመን ቀድሞ አልምቶታል። በሜክሲኮ አዮኮቴ ይሉታል። ከእሱ የሚጣል ነገር የለም ለማለት ይቻላል፤ ደረቁ ፍሬ ይቀቀላል፣ ለጋው ይበላል፣ ያበጠውን ሥር ቀቅለው የሚበሉም አሉ፣ አበባው ደግሞ ወጥ ውስጥ ይገባል። ሄርንደን ለምንኖር ሰዎች ይህ እንግዳ ሊሆንብን አይገባም። ከጎረቤቶቻችን ብዙዎቹ የኤልሳልቫዶርና የጓቴማላ ሰዎች ናቸው። ፑፑሳ የበላ ሰው ከአይቡ ጋር ሎሮኮ የሚባለውን አረንጓዴ ነገር ቀምሶ ይሆናል። ሎሮኮ ገና ያልፈነዳ የአበባ እንቡጥ ነው። ለእነሱ አበባ መብላት የፋሽን ነገር ሳይሆን ከቅድመ አያት የመጣ ምግብ ነው።

ወደ እንግሊዝ አገር የገባው በ17ኛው መቶ ዘመን ነው። ያስገባው የንጉሥ ቻርልስ 1ኛ አትክልተኛ የነበረው ጆን ትራደስካንት እንደ ሆነ ይነገራል፤ እ.ኤ.አ. በ1633 በታተመው የጄራርድ የዕፅዋት መጽሐፍ ስሙ ከተክሉ ጋር ተነሥቷል። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ የተተከለው የግንብና የዳስ ጌጥ እንዲሆን ነበር። ስዊድናዊው ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1753 ሳይንሳዊ ስም ሲሰጠው እንኳ “ኮክሲኒየስ” አለው፤ ደማቅ ቀይ ማለት ነው፣ ለአበባው። ለጋውን እንደ ፎሶሊያ አብስሎ መብላትን ያስለመደው የቼልሲው የመድኃኒት ዕፅዋት ቦታ ኃላፊ ፊሊፕ ሚለር ነው የሚባለው፤ ያም በ18ኛው መቶ ዘመን ነው። ሜክሲኮዎች ከሥር እስከ አበባ ሲበሉት የኖሩትን ተክል አውሮጳ መቶ ዓመት ያህል ቆሞ ሲያየው ኖረ ማለት ነው።

ወደ አሜሪካ ስንመጣ ታሪኩ ወደምንኖርበት ክፍለ ሀገር ይገባል። የፊላደልፊያው የዘር ነጋዴ በርናርድ ማክማሆን እ.ኤ.አ. በ1806 ባሳተመው የአትክልተኞች መጽሐፍ ላይ ቀይ አበባ ያለውን አደንጓሬ የመደበው ከጌጥ ተክሎች ጋር ነው። የእሱ ደንበኛና ወዳጅ የነበረው ቶማስ ጀፈርሰን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1812 በአትክልት መዝገቡ ላይ ነጭ፣ ቀይና ወይን ጠጅ አበባ ያላቸውን “የዳስ ባቄላዎች” በረጅሙ መንገድ ዳርና ዳር መትከሉን ጽፏል። ሞንቲሴሎ ከሄርንደን በመኪና ሁለት ሰዓት ያህል ነው። ወደ 300 ሜትር የሚረዝመው የእርከን አትክልት ቦታ ታድሶ ለጎብኚ ክፍት ሆኗል፤ ልጆች ያሏችሁ አንድ ቅዳሜ ብትወስዷቸው አይቆጫችሁም።

ስትሄዱ ግን አንድ ነገር አስተውሉ። መዝገቡ “ተከልሁ” ይላል። ጀፈርሰን ግን ሁሉንም በገዛ እጁ አልቆፈረም። አትክልቱን ለብዙ ዓመታት የመራው ወርምሊ ሂዩዝ የተባለ ባሪያ ነበር። ጌታው እ.ኤ.አ. በ1826 ሲሞት መቃብሩን የቆፈረው እሱ ነው። ከዚያ በኋላ እሱ በቃል ነፃ ተለቀቀ፤ ሚስቱ ኡርሱላና ልጆቹ ግን እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1827 በጨረታ ከተሸጡት መካከል ነበሩ። እዚያው ሞንቲሴሎ ባሮቹ በየጎጇቸው ጓሮ ለራሳቸው ያለሙትን አትክልት፣ እንቁላልና ዶሮ ለጌታው ቤት ይሸጡ ነበር። የጀፈርሰን የልጅ ልጅ አን ኬሪ ራንዶልፍ እ.ኤ.አ. ከ1805 እስከ 1808 የያዘችው የሒሳብ ደብተር ከማን ምን እንደ ተገዛ ስም በስም ይዟል። እኔ ከትልቁ የአትክልት መዝገብ ይልቅ ይህ ትንሽ ደብተር ይበልጥብኛል። ጓሮ ማን እንደሚሠራ የሚናገረው እሱ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄው። አሜሪካውያን ለምን በጌጥነቱ ወሰዱት? አንዱ ምክንያት የእንግሊዞች ልማድ ነው። ሌላው ምክንያት የሚመስለኝን ግን በራሴ ጓሮ ያየሁት ነው። አደንጓሬ የደጋ ተክል ነው። ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ አልፎ ሲሰነብት አበባው ፍሬ ሳይቋጥር ይረግፋል። እንጅባራ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ሄርንደን ከ150 ሜትር አትበልጥም። እዚህ በጁላይ ሐረጉ በቀይ አበባ ተጥለቅልቆ አንድም ፍሬ ላይታይበት ይችላል። ሴፕቴምበር ገብቶ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ነው መቋጠር የሚጀምረው፤ ብዙም ሳይቆይ ውርጭ ይመጣል። ታዲያ እንዲህ ያለውን ተክል የቨርጂኒያ ሰው ጌጥ ቢለው ምን ይፈረዳል?

እኛን ደግሞ ጌጡ አንድ ጊዜ ጠቅሞናል። የምኖርበት ሰፈር የቤት ባለቤቶች ማኅበር፣ ኤች ኦ ኤ የምንለው፣ ከቤት ፊት ለፊት አትክልት መትከል አይፈቅድም። አበባ ግን ይፈቅዳል። አደንጓሬዬ በደጃፌ ላይ በአበባነት ተመዝግቦ ይኖራል። ማክማሆን ቢሰማ ደስ ይለው ነበር።

በእኛ አገር የሆነው ሌላ ነው። ከአሜሪካ ምድር የመጡ ሰብሎች ብዙ ናቸው፤ በርበሬያችን፣ ቲማቲሙ፣ “የባሕር ማሽላ” ይባል የነበረው በቆሎ፣ ድንቹ። ድንች አስገቢ የሚባል ሰው አለው፤ እ.ኤ.አ. በ1858 ጀርመናዊው የዕፅዋት ሊቅ ሺምፐር አመጣው ይባላል። አደንጓሬ ግን እንዲህ ያለ ባለ ስም የለውም። ከእጅ ወደ እጅ፣ ከጓሮ ወደ ጓሮ፣ አብዛኛውን በሴቶች መቀነት ተቋጥሮ ነው የተዛመተው። ሙሽራ ስትዳር ዘር ይዛ ትሄዳለች፤ ጎረቤት “ከዘሩ ትንሽ አቅምሺኝ” ትላለች። እንዲህ የመጣ ተክል ቤተ መንግሥት ውስጥ አያልፍም፤ ለጌጥ የሚሆን ጊዜም ቦታም አላገኘም። በቀጥታ ድስት ውስጥ ገባ።

አበባውን ያልበላነው ታዲያ አበባ መብላት ስለማናውቅ ነው? አይደለም። ኢትዮጵያውያን ለዘመናት የበላነው አንድ ዝነኛ አበባ አለን፤ ኮሶ። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1770 ከእኛ ብዙም በማይርቀው ግሽ ዓባይ ደርሶ የአገውን ምድር አይቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው መጽሐፉም ኮሶን ከነሥዕሉ ለአውሮጳ አስተዋውቋል። በኋላ ብራየር የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ቁስጥንጥንያ ላይ ትል የማስወጣት ኃይሉን አይቶ ስለ ጻፈ፣ ተክሉ ለተወሰነ ጊዜ በሳይንስ ስሙ በእሱ ተጠራ። እኛ ስንጠጣው የኖርነውን ማለት ነው። ኮሶን የቀመሰ ደግሞ አበባ ሲባል ፊቱ ይጨማደዳል። ምሬቱ፣ ማቅለሽለሹ፣ ተቅማጡ፤ ለነፍሰ ጡርማ አደገኛ ነው። ስለዚህ በእኛ ቤት የሚዋጥ አበባ መድኃኒት እንጂ ምግብ አልነበረም። ባለፈው ዓመት ልጇን ልትጠይቅ ከዳንግላ የመጣች አንዲት እናት ሰላጣዬ ላይ ቀይ አበባ አይታ “አንቺ ልጅ፣ ንብ ሆንሽ እንዴ?” ብላኛለች። ከዚያ ግን ቀመሰች፤ “አተር አተር ይላል” አለች፤ ደግማም አነሣች።

ጣዕሙ እንዳለችው ነው። የለጋ አተር ሽታ አለው፣ ከሥሩ ትንሽ ማር ያህል ጣፋጭ። እኔ አዚፋ ላይና ቲማቲም ሰላጣ ላይ እጨምረዋለሁ። የሚያብበው በፍልሰታ ወራት ስለ ሆነ ለጾም ገበታ ይስማማል። አይበስልም፤ እሳት ካየ ቀለሙም ጣዕሙም ይጠፋል።

አለቃቀሙ ቀላል ቢሆንም ወግ አለው። ጤዛው እንደ ደረቀ፣ ፀሐይ ሳይበረታ፣ በዕለቱ የፈነዱትን ብቻ ነው የሚለቅሙት። አንድ ዘንግ እስከ 20 አበባ ሊይዝ ይችላል፤ ከታች ጀምሮ ወደ ላይ ይፈነዳል። የተሻለ ፍሬ የሚቋጥሩት የታችኞቹ ናቸው። ስለዚህ የታችኞቹን ትቶ ከላይ ያሉትን አንድ በአንድ በጣት መቀንጠስ ይሻላል፤ ዘንጉን መስበር ግን የሚመጣውን ሁሉ መቁረጥ ነው። እያንዳንዱ የተበላ አበባ ያልተበላ ፍሬ ነው፤ ሀገር ቤት አበባውን የማይነኩት በዚህ ስሌት ከሆነ ልክ ናቸው። እዚህ ግን በጁላይ ሙቀት ሊረግፍ ነውና ብንበላው ከማንም አልቀማንም። የተለቀመውን እያራገፉ ጉንዳን ማስወጣት፣ በእርጥብ ወረቀት ሸፍኖ ፍሪጅ ማስገባት፤ ከሁለት ቀን በላይ አይቆይም። ፀረ ተባይ የተረጨ ከሆነ አይነካም። አስም ወይም የአበባ ዱቄት አለርጂ ያለበት ሰው ቢቀርበት ይሻላል። ልጆችን ደግሞ “አበባ ሁሉ አይበላም” ብላችሁ አስጠንቅቋቸው፤ በየአጥሩ የምናየው ስዊት ፒ የሚባለው ውብ አበባ የጓያ የቅርብ ዘመድ ነው፣ መርዛማም ነው። ጓያ እግር እንደሚያሽመደምድ ለጎንደርና ለጎጃም ሰው አልነግርም።

ነርስ ነኝና ስለ ፍሬው ሳልናገር አላልፍም፤ አበባው ጥሬውን ይበላል ማለት ፍሬውም ጥሬውን ይበላል ማለት አይደለም። ጥሬ አደንጓሬ እንደ ቀይ ቦሎቄ ፋይቶሄማግሉቲኒን የሚባል መርዝ አለው። አራት አምስት ፍሬ እንኳ ጥሬውን የበላ ሰው ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ክፉኛ ያስመልሰዋል፣ ተቅማጥ ይከተላል። መፍትሔው ቢያንስ አምስት ሰዓት መዘፍዘፍ፣ ውኃውን መድፋት፣ በአዲስ ውኃ እየተንተከተከ 30 ደቂቃ ማፍላት፣ ከዚያ እስኪበስል መቀቀል ነው። የነርሲንግ ዲግሪዬን እዚህ ቨርጂኒያ ስማር ይህን በምግብ መመረዝ ትምህርት ላይ አግኝቼ የእናቴ የመጀመሪያ ውኃ አደፋፍ ትርጉሙ ያን ቀን ገባኝ። ውኃ እንጅባራ ላይ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 አካባቢ ነው። ያ ሁሉ ማገዶና ያ ሁሉ ሰዓት ከንቱ አልነበረም።

ይህን አጥብቄ የምጽፈው ለእኛው ለእዚህ ነዋሪዎች ነው። የሌሊት ፈረቃ የምንሠራ ብዙ ነን፤ ክሮክ ፖት ውስጥ ጥሬ ጨምረን ወጥተን ጠዋት የበሰለ ማግኘት እንወዳለን። ለአደንጓሬና ለቀይ ቦሎቄ ይህ አይሠራም። ክሮክ ፖት በዝግታ ሲሞቅ ከሚገባው ሙቀት ላይ ላይደርስ ይችላል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት መሥሪያ ቤት ኤፍ ዲ ኤ እንደሚለው እስከ 80 ዲግሪ ብቻ የሞቀ ቦሎቄ ከጥሬው እስከ አምስት እጥፍ ሊከፋ ይችላል። በምድጃ ላይ አፍልታችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ግን ክሮክ ፖት ውስጥ ማቆየት ትችላላችሁ።

ለመትከል ለሚፈልግ፦ ሜይ መጀመሪያ ውርጭ ሲያልፍ 5 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት፣ በመካከሉ አንድ ስንዝር ያህል ርቀት። ሁለት ሜትር ተኩል የሚሆን ቀርከሃ ይፈልጋል፤ የቀርከሃ አገር ልጆች ቀርከሃ ከሆም ዲፖ መግዛታችን ትንሽ ያሳፍራል፣ ግን ይሠራል። ፍሬ የሚፈልግ ጁን መጨረሻ ላይ ሁለተኛ ዙር ይዝራ፤ አበባው ከሴፕቴምበር ቅዝቃዜ ጋር ይገናኛል። አጋዘንና ጥንቸል ለጋውን ይወዱታል፤ መረብ አድርጉበት።

ዘሩን ግን እዚሁ ግዙ። ሞንቲሴሎም ከታሪካዊ ተክሎች ማዕከሉ የሚያገኛቸውን ዘሮች ይሸጣል፣ የአትክልት ሱቆችም አላቸው። ሀገር ቤት ደርሳችሁ ስትመለሱ ከሹሮና ከበርበሬ ጋር አንድ እፍኝ ለዘር መክተት ቀላል ነገር ይመስላል። ሆኖም ለዘር የሚሆን ፍሬ ያለ ጤና ምስክር ወረቀት ወይም ያለ ፈቃድ ወደ አሜሪካ አይገባም። በኢትዮጵያ በኩልም የጄኔቲክ ሀብትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 482/1998 ካለ ፈቃድ ማውጣትን ይከለክላል። እኔ ሕጉን እደግፋለሁ። ስሟ ሳይጻፍ ዘሩን ያቆየች ገበሬ ዘሯ በሻንጣ ወጥቶ በሌላ ስም ሲሸጥ ማየት የለባትም።

ዘሩ ደግሞ ሀገር ቤት ራሱ መቆየት አለበት። ፋግታ ለኮማን ያየ ሰው እርሻው እንዴት ወደ ዲከረንስ ዛፍ እንደ ተለወጠ ያውቃል። ከሰሉ ለብዙ ቤተሰብ ገቢ ሆኗል፣ ልጅ አስተምሯል፤ ያንን የሚነቅፍ አፍ የለኝም። በቅርብ ዓመታት ግን ዛፉን በሽታ ገብቶበታል፤ በአንድ ተክል ላይ ብቻ የቆመ ቤት ምን ያህል እንደሚናጋ አይተናል። ባለፈው ስሄድ በልጅነቴ አደንጓሬ ከነበረባቸው የሰፈራችን አጥሮች ብዙዎቹ ባዶ ነበሩ፤ አንዳንዱ ቆርቆሮ ሆኗል። አዲስ አበባ ላይ እ.ኤ.አ. በ1976 በጀርመን ድጋፍ የተቋቋመው፣ ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩት የምንለው፣ የሀገሪቱን ዘር በቅዝቃዜ ያስቀምጣል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን የትኛው ዘር ቶሎ እንደሚበስል፣ የትኛው ለንፍሮ የትኛው ለወጥ እንደሚሻል ማቀዝቀዣው አያውቅም፤ የሚያውቁት እናቶች ናቸው።

ስለዚህ ሀገር ቤት ያላችሁ ደጋፊዎቻችንን አንድ ነገር ልለምን። ለሚቀጥለው ዓመት መጽሔት ከየቀበሌያችሁ አንድ አንድ ገጽ ጻፉልን፤ ራሳቸው መጻፍ ለማይችሉ እናቶች የልጅ ልጆቻቸው ይጻፉላቸው። ፍሬው ምን ዓይነት ቀለም እንዳለው፣ አበባው ቀይ ይሁን ነጭ፣ መቼ እንደሚዘራ፣ በምን ላይ እንደሚወጣ፣ ስንት ሰዓት እንደሚቀቀል፣ ዘሩንም መጀመሪያ ማን እንደ ሰጣቸው። የመጨረሻውን ጥያቄ አትዝለሉት፤ “አማቴ ናት” ወይም “ከአንከሻ የመጣች ጎረቤት ናት” ቢሉ እንኳ እንዳለ ጻፉት። ስማቸው እንዲወጣ የማይፈልጉ የቀበሌያቸው ስም ብቻ ይበቃል። ከእኔ በኩል የሄርንደኑን አበባ ፎቶ ለአዘጋጆቹ ልኬአለሁ።